የቀጨኔ ጭቃ ለገና ጌጥ

የገና ሰሞን በጳውሎስና በአዲሱ ገበያ መንገድ ዳር ያሉ ሱቆች ደጃፍ በሚያብረቀርቅ ወረቀት፣ በፕላስቲክ ኳስና ብልጭ ድርግም በሚል መብራት ይሞላል። በዚያው በጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል በስተ ምሥራቅ፣ እንጦጦ ግርጌ ባለው ቀጨኔ መድኃኔዓለም ደግሞ ሴቶች ጭቃ እያድበለበሉ ጀበና፣ የዕጣን ማጨሻ፣ የሻማ ማስቀመጫና መዳፍ ላይ የሚያርፉ ትንንሽ ምስሎች ይሠራሉ። ሁለቱ ገበያዎች እምብዛም አይተዋወቁም። ቢተዋወቁ ግን የገና ዛፍ ላይ የሚንጠለጠለው ጌጥ ባሕር ተሻግሮ መምጣት አያስፈልገውም ነበር፤ አፈሩም እጁም እዚሁ አለ።

በሌላው ዓለም የበዓል ጌጥ በቤት ውስጥ መቅረጽ የተለመደ የቤተሰብ ሥራ ነው። የሚቀርጹበት ለስላሳ ነገር ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ልጆች በትምህርት ቤት የሚያውቁትን ፕላስቲሲን እ.ኤ.አ. በ1897 የፈለሰፈው ዊልያም ሃርበት የተባለ፣ ባዝ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ የሚኖር የሥነ ጥበብ መምህር ነው። ቅባት ስላለበት አይደርቅም፤ መልሶ መላልሶ ለመማር ይመቻል፣ ለከርሞ የሚቀመጥ ጌጥ ግን አይወጣውም። ፕሌይ ዶህ መጀመሪያ የተሠራው በከሰል ጭስ የጠቆረ የግድግዳ ወረቀት ለማጽዳት ሲሆን የልጆች መጫወቻ ሆኖ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። ጀርመኖች ፊሞ ብለው የሚሸጡትና እሱን የመሰሉት ደግሞ ጭቃ ይባሉ እንጂ አፈር የለባቸውም። ፕላስቲክ ናቸው። በቤት ምድጃ በ110 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቆዩ ይጠነክራሉ፤ ሙቀቱ በጣም ካለፈ ያርራሉ፣ ጭሳቸውም ለጤና አይበጅም።

ኪስ የማይጎዳው መላ ከወጥ ቤት ይገኛል። ሁለት ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨውና አንድ ኩባያ ውሃ በደንብ ታሽቶ፣ ተዳምጦ፣ በብርጭቆ አፍ ተቆርጦ በለዘብተኛ ሙቀት ሲደርቅ ቀለም የሚቀባ ጌጥ ይሆናል። ጠላቶቹ እርጥበትና አይጥ ናቸው።

የቀጨኔው ጭቃ ከእነዚህ ሁሉ ይለያል፤ እሳት አንዴ ከቀየረው ወደ ጭቃነት አይመለስም። ሥራውን እዚህ ያመጡት አዲስ አበባ በተቆረቆረችበት ዘመን ከሰሜን ሸዋ የመጡ ባለ እጆች ናቸው። ከልጅ ልጆቻቸው ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸውን ከቤተ እስራኤል ይቆጥራሉ። ከጥበቡ ጋር ንቀትም አብሮ ወርዷል። ባለ እጅን በ«ቡዳ»ነት መጥራትና ከጋብቻ ማግለል በአገሩ የኖረ ነውር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። በሰደበው ቤት ሁሉ ቡናው የሚፈላው በተሰደበችው ሴት ጀበና መሆኑ ግን ማንንም ያሳፈረ አይመስልም።

ቀጨኔ ውስጥ የሚሽከረከር የሸክላ መሥሪያ መንኮራኩር አይፈለግም። አፈሩ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከውሃ ጋር ይቦካል፣ ከዚያ እንደ ሊጥ ይታሻል። እዚህ ላይ የሚጨመረው ዋናው ነገር የተሰበረ ሸክላ ተፈጭቶ የሚወጣው ዱቄት ነው። አንዴ እሳት ያየው ይህ ዱቄት ስለማይኮማተር አዲሱን ጭቃ ከመሰንጠቅ ይይዘዋል፤ በእሳቱም ላይ እንፋሎት የሚወጣበት ቀዳዳ ይተዋል። ጀበናው በጣት እየተገፋና እየተሳበ ያድጋል፤ ትንሹ ምስል ከአንድ ድቡልቡል ይወጣል። ጠንከር ብሎ ጨርሶ ከመድረቁ በፊት በለስላሳ ድንጋይ ደጋግሞ ይፈተጋል። የቀጨኔ ሸክላ ቀለም ሳይቀባ የሚያብለጨልጨው በዚህ ፍተጋ ነው።

እሳቱ ደጅ ላይ ይነዳል። እቃው ይደረደራል፣ ከእንጦጦ የሚወርደው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ይከመርበታል፣ ይለኮሳል። ከ600 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በጭቃው ውስጥ የታሰረው ውሃ ጨርሶ ስለሚወጣ የአፈሩ ባሕርይ ለዘለቄታው ይለወጣል። አየር እንደ ልቡ ያገኘው ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ በአፈሩ ያለው ብረት ነው የሚያቀላው። ገና እንደ ጋለ ቅጠል ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ጭሱን ጠጥቶ ይጠቁራል። አንድ አፈር፣ ሁለት ቀለም፤ ለገና ጌጥ ከዚህ በላይ ቀለም መፈለግ ስስት ነው።

ከዚህ ጭቃ የሚንጠለጠል ጌጥ መሥራት የሚፈልግ ሰው ቅርጽ ሲመርጥ ቢጠነቀቅ ያዋጣዋል። የላሊበላ መስቀል በእንጨትና በብረት ያምራል፤ ቀጫጭን ክንዶቹ በሸክላ ሲሠሩ ግን ከእሳቱ ሳይደርሱ ይረግፋሉ። ክብ፣ ዶሮ፣ በግ፣ ደወል፣ ላዩ ላይ መስቀል የተጫረበት ድቡልቡል ይሻላል። ውፍረቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን፤ ቀጭኑ ቀድሞ ሲደርቅ ወፍራሙን ይስበውና ይሰነጠቃል። ጭቃው ሲደርቅ እስከ አንድ አስረኛ ስለሚቀንስ የክሩ ቀዳዳ ሲበሳ ሰፋ ይበል። እሳት ውስጥ ፈንድቶ የሚበተን ጌጥ ሲያጋጥም ብዙ ሰው በውስጡ በታመቀ አየር ያሳብባል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ያልደረቀ ውሃ ነው፤ በድንገት እንፋሎት ሆኖ መውጫ ሲያጣ ጭቃውን ይሰነጥቀዋል።

ትንንሽ የሸክላ ምስል በኢትዮጵያ ገበያ እንደሚያወጣ ለማየት ወለቃን ማስታወስ ይበቃል። መንደሯ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። የቤተ እስራኤል ሴቶች ለጎብኚ አንበሳ፣ ካህን፣ ወፍ፣ የዳዊት ኮከብ፣ ንጉሥ ሰሎሞንንና ንግሥተ ሳባን ይሸጡ ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲወሰዱ የወለቃ ሥራ አብሮ የሚያበቃ መስሎ ነበር። አላበቃም። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ምስሎቹን መሥራት ቀጠሉ፤ ኮከቡም ከነአንበሳው እስካሁን በመንገድ ዳር ይሸጣል። ከቦርሳ ጥግ ገብቶ አገር አቋርጦ የሚሄድ ሸክላ ከማድጋ ይልቅ ገዢ ያገኛል፤ ቀጨኔም ይህን ታውቃለች።

በእርግጥ በአበሻ ቤት ጌጥ ተንጠልጥሎ ብቻ አይኖርም። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፣ ጀበናው ማቶቱ ላይ ይቀመጣል፣ ማጨሻው ይጨሳል፤ ለዓይን ያማረው ሁሉ ሥራም አለው። የፈረንጅ ጥድ ተቆርጦ በበረዶ ፈንታ ጥጥ እየተነሰነሰበት ሳሎን ጥግ መቆም የጀመረው ኋላ ነው፤ በረዶ አይቶ የማያውቅ ልጅ ጥጡን ሲበትን የሚደሰተውን ያህል የሸክላ በግ ቢሰቅልም ይደሰታል። ገጠር ላይ እረኛ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ በሬ ሠርተው ቀንድ ሲያበቅሉለት ማን አስተማራቸው?

ማዘዝ የሚፈልግ ሰው ግን የአየሩን ጠባይ ቢያስብ ይጠቅመዋል። ገና በታኅሣሥ መጨረሻ ስለሚውል ጭቃው የበጋ ፀሐይና ነፋስ ያገኛል፤ በኅዳር የተሠራ ጌጥ በጊዜው ደርቆ ይቃጠላል። ዕንቁጣጣሽ ክረምቱ ገና ሳይወጣ ይመጣል። በሐምሌና በነሐሴ ጭቃው ቤት ውስጥ ለቀናት እርጥብ ሆኖ ይቀመጣል፣ ደጅ የሚነድ እሳትም ዝናብ ያጠፋዋል። ለመስከረም 1 የሸክላ አደይ አበባ ያማረው ሰው ሠሪዋን በግንቦት ማነጋገር ይኖርበታል።