አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ፦ የወረታና የፎገራ ነዋሪ ወዴት ያመልክት?

ከፎገራ ሜዳ ቀበሌዎች በአንዱ የሚኖር አርሶ አደር በፖሊስ ተይዞ ሦስት አራት ቀን ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ቢቆይ፣ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ወረታ ድረስ ስንቅ ያመላልሳል፣ ሽማግሌም ይልካል። ሕጉ ግን ለዚህ ሁኔታ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የሚባል ራሱን የቻለ መንገድ አበጅቷል።

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19(3) የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል። ለጉዞ የሚያስፈልገው ተገቢ ጊዜ በስሌቱ አይገባም። ርብና ጉማራ በክረምት ሜዳውን ሲያጥለቀልቁ ይህ ሐረግ ትርጉም ይኖረዋል፤ ተያዡ ያለው ወረታ ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን የመንገድ ምክንያት አሳማኝ አይሆንም። ጊዜው ካለፈ አንቀጽ 19(4) የአካል ነፃነትን በፍርድ ቤት የመጠየቅ መብት ይሰጣል።

ብዙ አመልካቾችን የሚያደናግረው የትኛው ፍርድ ቤት ይመለከተዋል የሚለው ነው። አዋጅ ቁጥር 25/1988 ይህን አቤቱታ ከፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን መድቦት ነበር። ይህ ማለት ግን የፎገራ ነዋሪ አዲስ አበባ ይሄዳል ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 78 እና 80 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶችን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች በውክልና ሰጥቷል። በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 322 የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከተቋቋመባቸው አምስት ክልሎች መካከል አማራ የለም። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 177 አቤቱታው ለከፍተኛ ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ ስለሚደነግግ፣ የወረታ ነዋሪ መድረሻ በደብረ ታቦር የሚገኘው የደቡብ ጎንደር ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው።

አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል። በቃለ መሐላው ተያዡ በማን እጅ እንዳለ፣ የት እና በምን ሁኔታ እንደተያዘ፣ እነማን እንደሚመሰክሩ ይገለጻል። ተያዡ ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ሚስቱ ወይም ወንድሙ፣ ይህንኑ ምክንያት ጠቅሶ በምትኩ ይምላል።

ፍርድ ቤቱ ያዡ አካል ተያዡን ይዞ እንዲቀርብና የማይለቀቅበትን ምክንያት እንዲያስረዳ ወዲያውኑ መጥሪያ ይልካል። በቀጠሮው ቀን የሚመረመረው ተያዡ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑ ሳይሆን አያያዙ ሕጋዊ መሆን አለመሆኑ ብቻ ነው። አያያዙ ሕገ ወጥ ከሆነ ወዲያው እንዲለቀቅ ይታዘዛል፤ ፍርድ ቤቱ ከተጠራጠረ በተጠራ ጊዜ እንዲቀርብ ግዴታ አስገብቶ ሊለቀው ይችላል።

በፍርድ ቤት የጊዜ ቀጠሮ ትእዛዝ ለቆየ ሰው ወይም ቅጣት ለተፈረደበት ታራሚ ይህ መንገድ አያገለግልም፤ የእነርሱ መፍትሔ የዋስትና ጥያቄ ወይም ይግባኝ ነው። ቅጣቱን ጨርሶ ያልተለቀቀ ታራሚ ግን ከዚህ በኋላ የሚይዘው ትእዛዝ ስለሌለ ማመልከት ይችላል። አንቀጽ 19 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሊገደቡ ከማይችሉት ድንጋጌዎች ዝርዝር ውስጥ ስላልተካተተ፣ አመልካቹ በወቅቱ የጸና አዋጅ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ቢያጣራ ይጠቀማል። በዚህ አቤቱታ የተለቀቀ ሰው ክስ ሊቀርብበት ይችላል፤ መለቀቁ ክሱን አይዘጋም።