ስለ መኪና ዘይት ማፍሰሻ ቀዳዳና ስለ ተበላ ጥርስ

በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን የአበው ተረት ያልሰማ ተማሪ በመካከላችን የሚገኝ አይመስለኝም። እኔ ግን ተረቱ እውነት መሆኑን የተረዳሁት ባለፈው ክረምት ከአጎቴ መኪና ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ነው። የደረሰብኝም ነገር ለሌላው ትምህርት ይሆን ዘንድ እነሆ፥ ባጭሩ አስረዳለሁ።

አጎቴ በመኪናቸው ሰው እያመላለሱ ቤተ ሰባቸውን የሚያስተዳድሩ ሰው ናቸው። አንድ ቅዳሜ የሞተሩን ዘይት እንድለውጥላቸው ፈቀዱልኝ። አሮጌውን ዘይት በባልዲ ተቀብዬ ቡሎኑን ለመመለስ ስነሣ ጓደኞቼ ለኳስ ይጠሩኝ ጀመር። እኔም በመቸኮል አሮጌዋን ሮንዴላ እንኳ ሳልለውጥ፥ «እንዳያንጠባጥብ» ብዬ በመፍቻው እጀታ ላይ ረዥም የብረት ቱቦ ሰክቼ ባለኝ ጉልበት ሁሉ ጠመዘዝሁት። ቡሎኑ በመጀመሪያ ጠበቅ አለ፤ ወዲያው ግን ልል ሆነና እንዲያው በከንቱ ይዞር ጀመር። ጥርሱ ተበላ የሚባለው ይህ ነው።

እውነቱን ለመናገር ቡሎኑን በላስቲክ ጠቅልዬ ከቀዳዳው ወትፌ ዝም ልል አስቤ ነበር። ነገር ግን ቡሎኑ በመንገድ ላይ ቢወድቅ ዘይቱ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይፈስሳል፤ ዘይት ያጣ ሞተርም ብረቱ ከብረት ጋር እየተፋተገ ይግልና ይነክሳል። ያን ጊዜ የሚጠፋው የአጎቴ እንጀራ ነው። ስለዚህ እየፈራሁም ቢሆን ሄጄ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ለጊዜው ምንም ሳይናገሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጠርተው አመጡ።

አሁን ነገሩ እንዴት እንደ ሆነ እንመልከት። የሞተር ዘይት የሚጠራቀመው ከሞተሩ ሥር በተገጠመው ገበቴ መሰል ዕቃ ውስጥ ሲሆን መካኒኮች «ኮፓ» ይሉታል። ማፍሰሻው ቀዳዳ የሚገኘው በኮፓው ዝቅተኛ ስፍራ ነው። በብዙ የቶዮታ መኪናዎች የቡሎኑ ውፍረት 12 ሚሊሜትር፥ ከአንዱ ጥርስ እስከ ሌላው ያለው ርቀት ደግሞ 1.25 ሚሊሜትር ነው። የእኛም እንዲሁ ነበረ። ቡሎኑ ከጠንካራ ብረት የተሠራ ሲሆን ኮፓችን ግን የአሉሚኒየም ነው። ጠንካራና ለስላሳ ሲታገሉ የሚሸነፈው ለስላሳው ስለሆነ የተበላው የቀዳዳው ጥርስ ሆነ።

ጥፋቴ ምን ያህል እንደ ነበረ በፊዚክስ ትምህርታችን ማስላት ይቻላል። የማዞር ኀይል የሚገኘው የምንገፋበት ኀይል በመፍቻው ርዝመት ሲባዛ ነው። እንዲህ ላለው ቡሎን የሚበቃው 37 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ይኸውም በ25 ሳንቲሜትር መፍቻ ጫፍ 15 ኪሎ ግራም የሚከብድ ዕቃ እንደ ማንጠልጠል ይቈጠራል። እኔ ግን በ60 ሳንቲሜትር ቱቦ ጫፍ ቢያንስ በ40 ኪሎ ግራም ክብደት ተጭኜበታለሁ። ይህም 240 ኒውተን ሜትር ያህል ሲሆን ከሚገባው ከስድስት ዕጥፍ ይበልጣል።

ሽማግሌው መካኒክ ቀዳዳውን በባትሪ መብራት ከመረመሩ በኋላ የሚቻለውን ሁሉ ዘረዘሩልን።

አንደኛ፤ የተበላው የቡሎኑ ጥርስ ብቻ ከሆነ አዲስ ቡሎን መግዛት ይበቃል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሁለቱንም መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ ጥርሱን ራሱ እየፈለፈለ የሚገባ ወፈር ያለ ቡሎን አለ። ርካሽና ፈጣን ነው። ነገር ግን ተጣሞ ሊገባ ወይም አሉሚኒየሙን ሊሰነጥቅ ስለሚችል ለጊዜው ካልሆነ አይመከርም።

ሦስተኛ፤ ቀዳዳውን አስፍቶና አዲስ ጥርስ አውጥቶ፥ ውስጡም ውጭውም ጥርስ ያለው የብረት ቀለበት ማስገባት ነው። በቀለበቱ ፈንታ ሄሊኮይል የሚባለውን እንደ ሞላ የተጠመጠመ የማይዝግ ሽቦ የሚያስገቡም አሉ። በዚህ መንገድ የፊተኛው ዐይነት ቡሎን ተመልሶ ይገባል።

አራተኛ፤ ኮፓው ከተሰነጠቀ በሌላ መለወጥ ነው።

እኛ ሦስተኛውን መረጥን። ኮፓውን ፈትተን ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድነው፤ ትራፓኖው ቀጥ ብሎ ካልበሳ ቡሎኑም ቀጥ ብሎ አይቀመጥምና። ሠራተኛው ጥርስ ማውጫውን ግማሽ ዙር ወደ ፊት፥ ጥቂት ወደ ኋላ እያደረገ ፍቅፋቂውን ይሰብር ነበር። ቀለበቱም ከኮፓው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ገባ፤ ከፍ ቢል ሮንዴላዋ በደንብ አትቀመጥም። ከዚያም አንዲት የብረት ፍቅፋቂ እንኳ ወደ ሞተሩ እንዳትገባ ኮፓውን ደጋግመን አጠብን። በማግስቱ ኮፓውን በሲሊኮን ገጥመን እስኪደርቅ ጠበቅንና አዲስ ዘይት ሞላን።

ቡሎኑን የማሰሩን ሥራ ሽማግሌው ለእኔ ሰጡኝ። «ልጄ፥ ዘይቱን የምታግደው ይህች ሮንዴላ ናት እንጂ ጉልበትህ አይደለም» አሉኝ። አዲስ ሮንዴላ አግብቼ ቡሎኑን እስከ መጨረሻው በጣቴ አዞርሁት። በጣት እንቢ የሚል ቡሎን ተጣሞ ገብቷልና አውጥቶ እንደገና መጀመር ነው። ከዚያ በኋላ ኀይል በሚለካ መፍቻ አጠበቅሁት። ሞተሩን አስነሥተን ብንመለከት አንዲት ጠብታ እንኳ አልወረደችም።

አጎቴ ሁለት ቀን ሥራ ፈቱ። እኔም ለመጽሐፍ መግዣ ካጠራቀምሁት ገንዘብ የቶርኖውን ዋጋ ከፈልሁ። እርሳቸው ግን «ብትደብቀኝ ኖሮ ሞተሩን አጣ ነበር» ብለው የሚቀጥለውን ዘይት ለውጥ ለእኔ ሰጡኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! ከመኪና ሥር ስትገቡ በክሪክ ብቻ አትመኑ፤ ጠንካራ መደገፊያ አድርጉ። አሮጌውንም ዘይት በመሬት ላይ አታፍስሱ። ቡሎን ስታስሩ በልክ እሰሩ፤ ስታጠፉም ቶሎ ተናገሩ። የተበላ ጥርስ በብረት ቀለበት ይጠገናል፤ የተደበቀ ጥፋት ግን ሞተሩን ይዞ ይጠፋል።