አቧራ፣ ዘይትና ስፖንጅ፦ የሞተር ብስክሌት አየር ማጣሪያ እንዴት ይሠራል?

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ይፋግ ከጥንት ጀምሮ በገበያዋ የታወቀች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚጓዝ ባለ ሞተር ብስክሌት ግን በበጋ ወራት ከአቧራ ጋር መታገሉ አይቀርም። ከተማዋ የምትገኝበት የሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የካላዛር ወረርሽኝ የታየበት ነው። በእንዲህ ያለ አካባቢ የአንድ ጤና ባለሙያ ሞተር ቆመ ማለት ሕመምተኛ ሳይታይ ዋለ ማለት ነው። ለመሆኑ ሞተርን ከአቧራ የሚጠብቀው ምንድን ነው?

ሞተር ምን ያህል አየር ይስባል?

ለእርሻ ሥራ ታስቦ የተሠራውን ያማሃ ኤጂ 200 እንመልከት። የሲሊንደሩ ይዘት የሊትር አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ባለ አራት ምት ሞተር በየሁለት ዙሩ አንድ ጊዜ አየር ስለሚስብ፣ በደቂቃ 5,000 ጊዜ ሲዞር 2,500 ጊዜ ይስባል። ይህም ቢበዛ በደቂቃ 500 ሊትር፣ በሰዓት 30 ሜትር ኩብ ይሆናል። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው በደቂቃ የሚተነፍሰው ከ6 እስከ 8 ሊትር ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል።

የአካባቢው አፈር በአብዛኛው ከባዛልት ድንጋይ የተገኘ ነው። በባዛልት ውስጥ የሚገኘው ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ይደርሳል፤ የፒስተን ዋና ብረት የሆነው አሉሚኒየም ግን 3 እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ወደ ውስጥ የገባ አቧራ ከዘይት ጋር ተደባልቆ ፒስተኑን፣ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል።

ወንፊት ወይስ ወጥመድ?

ብዙዎች ማጣሪያውን እንደ ወንፊት ይቆጥሩታል። ይሁን እንጂ የስፖንጁ ቀዳዳዎች ከደቃቅ አቧራ እጅግ የሰፉ ናቸው። አየር በስፖንጁ ክሮች መካከል እየተጠማዘዘ ሲያልፍ፣ ክብደት ያለው የአቧራ ቅንጣት በኢነርሺያ ምክንያት አብሮ መታጠፍ ስለሚያቅተው ከክሩ ጋር ይጋጫል። ክሩ ደረቅ ከሆነ ነጥሮ ያልፋል፤ ዘይት ከተቀባ ግን ተጣብቆ ይቀራል። እንግዲህ ታጥቦ ዘይት ያልተቀባ ስፖንጅ ንጹሕ ቢመስልም ጠባቂ አይደለም።

በአንጻሩ በአቧራ የተደፈነ ስፖንጅ አየር ይከለክላል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ታቦር ደግሞ ከአንድ አራተኛ በላይ ይቀንሳል። በዚህ ላይ ማጣሪያው ሲደፈን የቤንዚኑ መጠን ከአየሩ ይበልጥና ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፤ ከማርሚታውም ጥቁር ጭስ ይወጣል።

አጸዳዱ

1. ስፖንጁን ካወጡ በኋላ የአየር መግቢያውን በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን።
2. ስፖንጁን በነጭ ጋዝ፣ ቀጥሎም በሳሙናና በውኃ ማጠብ። ቤንዚን በቀላሉ ስለሚቀጣጠልና ስፖንጁን ሊጎዳ ስለሚችል አይመከርም።
3. በመዳፍ መጭመቅ እንጂ አለመጠምዘዝ፤ መጠምዘዝ ይቀድደዋልና።
4. በጥላ ሥር ፈጽሞ ማድረቅ።
5. የማጣሪያ ዘይት፣ ከሌለም ንጹሕ የሞተር ዘይት አዳርሶ መቀባትና ትርፉን መጭመቅ። ስፖንጁ መራስ እንጂ መንጠብጠብ የለበትም።
6. ዙሪያው ክፍተት እንዳይኖረው አድርጎ መግጠም። በቀጭን ክፍተት የሚገባ አቧራ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

የታጠበበትን ጋዝ ሜዳ ላይ መድፋት አይገባም፤ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና የሚገባው የርብ ወንዝ ሩቅ አይደለምና።

የኑግ ዘይትስ?

በአካባቢው በቀላሉ የሚገኘው የኑግ ዘይት ለዚህ ተግባር አይሆንም። በውስጡ በብዛት ያለው ሊኖሌይክ አሲድ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ዘይቱን ቀስ በቀስ ወደ ሙጫነት ይለውጠዋል። ተማሪዎች ይህን ራሳቸው ሊያረጋግጡ ይችላሉ፦ በሁለት መስታወቶች ላይ የኑግና የሞተር ዘይት በስሱ ቀብቶ ለጥቂት ሳምንታት ማስቀመጥ፣ ከዚያም በጣት ነክቶ ማነጻጸር ይበቃል።