አንድ እጁን ለጦርነት፣ ሌላውን ለፒያኖ የሰጠው መኮንን

በጦር ሜዳ ቆስሎ አካሉ የጎደለ ሰው ሁለት ውጊያ ይዋጋል። የመጀመሪያው ከባላጋራው ጦር ጋር የሚያደርገው ነው። ሁለተኛው ግን ቁስሉ ከሻረ በኋላ የሚጀምር፣ ነጋሪት የማይጎሰምለትና በየዕለቱ ከራስ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። እንጀራውና ክብሩ በጠፋው አካል ላይ የተመሠረተ ሰው ከሆነ ደግሞ ትግሉ እጥፍ ድርብ ይሆናል። የኦስትሪያዊው ፒያኖ ተጫዋች የፓውል ቪትገንሽታይን ታሪክ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ በመሆኑ ለአንባቢያን ልናቀርበው ወደናል። የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቪትገንሽታይን በ1887 በቪየና ከተማ ተወለደ። አባቱ በብረት ኢንዱስትሪ ከበለጸጉት የኦስትሪያ ታላላቅ ባለሀብቶች አንዱ ሲሆኑ፣ ታናሽ ወንድሙ ሉድቪግ በፍልስፍና ስሙ የገነነ ሰው ነው። ፓውል በዘመኑ ዝነኛ ከነበረው መምህር ከቴዎዶር ሌሸቲትስኪ ዘንድ ፒያኖ ተምሮ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1913 በቪየና ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ቀረበ። ስምንት ወር ያህል እንደ ቆየ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ።

በፈረሰኛ ጦር ውስጥ መኮንን የነበረው ቪትገንሽታይን በኦገስት 1914፣ ዛሬ ፖላንድ በሆነው ምድር ለቅኝት በተሰማራበት ወቅት ቀኝ ክርኑን በጥይት ተመታ። ሐኪሞችም ቀኝ እጁን ቆረጡት። ገና ከአልጋው ሳይነሣ ሆስፒታሉ በሩሲያ ጦር እጅ ወደቀ፤ ቁስለኛው መኮንንም ምርኮኛ ሆኖ ኦምስክ ወደምትባለው የሳይቤሪያ ከተማ ተጋዘ። በዚያ ፒያኖ ባልነበረበት ጊዜ የፒያኖ ቁልፎችን በእንጨት ሣጥን ላይ በከሰል ስሎ፣ ድምፅ በሌለው ጣውላ ላይ ግራ እጁን ያሠለጥን እንደ ነበር ይነገራል። ለቀድሞ መምህሩ ለዓይነ ስውሩ የሙዚቃ ደራሲ ለዮሴፍ ላቦርም ደብዳቤ ጽፎ ለአንድ እጅ የሚሆን ሙዚቃ እንዲደርስለት ጠየቀ። ማየት የተሳነው አዛውንት ጥያቄው ሳይደርሰው አስቀድሞ ሥራውን ጀምሮት ነበር።

በ1915 ማብቂያ ላይ በምርኮኞች ልውውጥ ወደ አገሩ የተመለሰው ቪትገንሽታይን፣ በዲሴምበር 1916 የላቦርን ድርሰት ይዞ በቪየና መድረክ ላይ ወጣ። ከዚያም ወደ ጦሩ ተመልሶ በጣሊያን ግንባር አገለገለ።

የችግሩን ክብደት ለመረዳት የፒያኖን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። እንደ ተለመደው አጨዋወት ቀኝ እጅ ዜማውን ይመራል፤ ግራ እጅ በወፍራሙ ድምፅ ያጅባል። ቪትገንሽታይን ሁለቱን ሥራ በአምስት ጣቶች ላይ ጫነ። በአውራ ጣቱና በጠቋሚው ዜማውን፣ በቀሩት ጣቶች አጀባውን ይዞ እጁን ከዳር እስከ ዳር በፍጥነት ያመላልስ ጀመር። እጁ ከወፍራሙ ድምፅ ወደ ቀጭኑ በሚዘልበት ጊዜ፣ የተወው ድምፅ እንዳይቋረጥ በእግሩ መርገጫ ያቆየዋል። ዓይኑን የጨፈነ አድማጭ ሁለት እጅ የሚጫወት እስኪመስለው ድረስ ዘዴውን አራቀቀው።

ይሁንና ለአንድ እጅ የተደረሰ ሙዚቃ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ ቪትገንሽታይን በውርስ ባገኘው ሀብት የዘመኑን ታላላቅ ደራስያን እየከፈለ አስደረሰ። ከእነዚህ አንዱ ፈረንሳዊው ሞሪስ ራቬል ነው። ራቬል በጦርነቱ ጊዜ በባላጋራው ወገን ተሰልፎ፣ በቬርደን አካባቢ የጦር ካሚዮን ሾፌር የነበረ ሰው ነው። የፈረንሳይ ጦር ሾፌር ለኦስትሪያው ጦር ቁስለኛ የደረሰው የግራ እጅ ኮንቼርቶ ጃንዋሪ 5 ቀን 1932 በቪየና ተሰማ። ቪትገንሽታይን ግን ድርሰቱን እንደ ገዛ ፈቃዱ ለዋውጦ በመጫወቱ ራቬልን ክፉኛ አስቆጣው። በ1931 ፕሮኮፊዬቭ የደረሰለትን ደግሞ አልገባኝም ብሎ ሳይጫወተው ቀረ።

ናዚዎች በ1938 ኦስትሪያን በያዙ ጊዜ፣ ከአያቶቹ ሦስቱ ከአይሁድ ወገን በመሆናቸው በሕዝብ ፊት እንዳይጫወት ተከለከለ። ቀኝ እጁን የሰጠላት አገር መድረኳን ነፈገችው። በዚያው ዓመት ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በ1946 ዜግነት አገኘ፤ በማስተማር ሥራም ጸንቶ ኖረ።

የዚህን ሰው ጥንካሬ ስናወሳ ጉድለቱን መሸሸግ አይገባንም። ዚግፍሪድ ራፕ የተባለ ጀርመናዊ ፒያኖ ተጫዋች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን አጥቶ ነበር። በ1950 እነዚያን ድርሰቶች ለመጫወት ቢጠይቀው፣ ቪትገንሽታይን ሌላ ሰው እንዲኖርበት ቤት የሚሠራ የለም በማለት ከለከለው። ሥቃዩን ከማንም ይበልጥ ሊያውቅለት የሚገባው ሰው በሩን ዘጋበት።

ሆኖም ሥራ ከሠሪው ይሰፋል። ቪትገንሽታይን የናቀውን የፕሮኮፊዬቭን ኮንቼርቶ ራፕ በ1956 በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ ተጫወተው። ቪትገንሽታይን በ1961 አረፈ። ሂንደሚት በ1923 ደርሶለት እስከ ዕለተ ሞቱ ደብቆ ያኖረው ድርሰት እንኳ በ2004 በርሊን ላይ ተሰማ። ለራሱ ብቻ ያሠራው ቤት ዛሬ በሩ ክፍት ነው፤ ቀኝ እጁን በጦርነት ወይም በሕመም ያጣ ፒያኖ ተጫዋች ሁሉ ይገባበታል።