ተረትና እውነታ፦ 24 ቢት የመድረኩን ድምፅ ያጠራዋል?

የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ በመድረክ ላይ በቀጥታ በሚያቀርቡ ሰዎች ዘንድ ሥር የሰደደ እምነት አለ፤ የ16 ቢት ድምፅ ሻካራ ነው፣ 24 ቢት ሲሆን ይለሰልሳል፣ በትልቅ ስፒከር ሲለቀቅ ደግሞ ልዩነቱ ፈጥጦ ይወጣል ይባላል። ለዚህ ትልቁ ተጠያቂ በየማስተማሪያው የሚታየው ሥዕል ይመስለኛል። የድምፁ ሞገድ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይሣላል፤ ቢቱ ሲበዛ ደረጃው ይደቃል። ነገር ግን ድምፁ የተመዘገበበት ቁጥር ወደ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ከመሣሪያው የሚወጣው ምንም ደረጃ የሌለው ሞገድ ነው። ቁጥሮቹ ሲጠጋጉ የሚፈጠረው ስሕተት፣ ዲዘር የሚባለው እጅግ ደካማ የዘፈቀደ ድምፅ አስቀድሞ ከተጨመረ፣ ከሙዚቃው ሥር የሚተኛ ‘ሽሽ’ የሚል ኖይዝ ብቻ ይሆናል። ቢት የሚወስነው ይህ ኖይዝ ምን ያህል ዝቅ ብሎ እንደሚተኛ ነው። አንድ ቢት ሲጨመር ወደ 6 ዴሲቤል ይወርዳል፤ ስለዚህ 16 ቢት ወደ 96፣ 24 ቢት በወረቀት ላይ 144 ዴሲቤል ስፋት ይሰጣል። በወረቀት ላይ ያልኩት፣ ቁጥሩን ወደ ኤሌክትሪክ የሚመልሱት በጣም ጥሩ የሚባሉ መቀየሪያዎች እንኳ የገዛ ሰርኪታቸው ኖይዝ 120ዎቹ ውስጥ ስለሚያስቆማቸው ነው።

ይህንን ስሌት ወደ ዳንስ አዳራሽ እንውሰደው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመዘኛ የመዝናኛ ቦታዎች አማካይ ድምፅ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ለክርክሩ ያህል የሙዚቃው ጫፍ 110 ይድረስ እንበል። የ16 ቢቱ ኖይዝ 96 ተቀንሶለት 14 ዴሲቤል አካባቢ ይቀራል። ሰው የሌለበት ጸጥ ያለ ክፍል ግን ወደ 30 ዴሲቤል የሚጠጋ የራሱ ድምፅ አለው፤ መደበኛ ጭውውት 60 ይደርሳል። የሚዘል፣ የሚጮህና የሚያፏጭ ሕዝብ ባለበት አዳራሽ ይህን ኖይዝ የሚሰማ ጆሮ የለም። ‘ስፒከሩ ትልቅ ሲሆን ልዩነቱ ይጎላል’ የሚለው ክርክር የሚፈርሰውም እዚሁ ላይ ነው፤ ትልቁ ሲስተም ከፋይሉ ኖይዝ ቀድሞ የራሱን የአምፕሊፋየር ሽሽታ ያሰማል።

የዘርፉ ታሪክም ለተረቱ አይመሰክርም። ሮላንድ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው የከበሮ ማሽን፣ ቲአር-909፣ የቴክኖና የሀውስ የጀርባ አጥንት ነው፤ የሃይ-ሃቱና የሲምባሉ ድምፅ ግን በ6 ቢት የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው ኢ-ሙ ኤስፒ-1200 የተባለው ሳምፕለር ደግሞ 12 ቢት ነበር። ፕሮዲውሰሮች ዛሬም ያንን ሻካራነት ፈልገው በሶፍትዌር ያስመስሉታል። እርግጥ ይህ የጣዕም ጉዳይ ነው፤ ዝቅተኛ ቢት ይበልጣል ማለት አይደለም። ቢያንስ ግን የዳንስ ሙዚቃ ኃይል ከቢት ብዛት እንዳልመጣ ያሳያል።

‘ጆሮዬ ይለያል’ ለሚል ሰው መልሱ በጭፍን የተደረገ ፈተና ነው። ሜየርና ሞራን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት የከፍተኛ ጥራት ዲስክ ድምፅን፣ በ16 ቢትና በ44.1 ኪሎኸርትዝ መቀየሪያ ካለፈው ከራሱ ቅጂ ጋር አወዳድረው ነበር። ከ554 ሙከራዎች በትክክል የተለዩት 276 ናቸው፤ ሳንቲም ከመወርወር አይሻልም። ተቃራኒ ማስረጃ የለም ብዬ አላልፍም። ተመራማሪው ጆሹዋ ሪስ እ.ኤ.አ. በ2016 አሥራ ስምንት ጥናቶችን አንድ ላይ ሲመረምር ትንሽ ግን እውነተኛ የመለየት ችሎታ አግኝቷል፤ ትክክለኛው መልስ በአማካይ 52 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ የሠለጠኑ አድማጮች ከዚህ የተሻሉ ነበሩ። ነገር ግን እነዚያ ጥናቶች አብዛኞቹ የናሙና ፍጥነትንም (በሰከንድ የሚወሰዱትን ቁጥሮች ብዛት) ጭምር የለወጡ ናቸው፤ የተደረጉትም ጸጥ ባለ ቦታ ነው። የሜየርና የሞራን አድማጮችም ቢሆኑ ቮልዩሙ ከልክ በላይ ሲከፈት በጸጥታው መሃል ኖይዙን ሰምተዋል። ጭፈራ ቤት ውስጥ ያ ጸጥታ ከየት ይመጣል?

ታዲያ 24 ቢት ከንቱ ነው? አይደለም፤ ጥቅሙ ድምፁ ሲገባ ነው እንጂ ሲወጣ አይደለም። ማሲንቆና ክራር በማይክሮፎን ተቀብሎ በቀጥታ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር የሚያዋህድ ሰው፣ ተጫዋቹ ድንገት ሲበረታ ድምፁ ጣራ ነክቶ እንዳይቆረጥ 18 ዴሲቤል ያህል ክፍት ቦታ ይተዋል። በ16 ቢት ከሆነ የቀረው 78 ነው፤ በላዩ ላይ ኮምፕሬሰሩ ደካማውን ድምፅ 20 ዴሲቤል ሲያነሳው ኖይዙም አብሮ ይነሳል። በ24 ቢት ግን ሰፊ መፈናፈኛ ይኖራል። እንደ ሮፍናን ባህላዊ ድምፅን ከኤሌክትሮኒክ ጋር ለሚያጣምሩ ሙዚቀኞች ቁም ነገሩ ይህ ነው። ኤብልተን ላይቭን የመሳሰሉ ፕሮግራሞችም ውስጣዊ ስሌታቸውን በ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብና ከዚያም በላይ የሚሠሩት ኢፌክት በኢፌክት ላይ ሲደራረብ ስሕተቱ እንዳይጠራቀም ብለው ነው። 24 ቢት ድምፁን በመድረክ ላይ ያዘገያል ብሎ የሚሰጋ ካለ ግን፣ ለመዘግየት ቢት ተጠያቂ አይደለም፤ ወሳኙ ድምፁ ሳይሠራ ለአፍታ የሚጠራቀምበት የበፈር መጠን ነው። በ48 ኪሎኸርትዝ 128 ናሙና የሚይዝ በፈር 2.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ያዘገያል፣ ቢቱ 16 ሆነ 24።

ከሁሉ የሚከፋው ከዩቲዩብ የወረደን የተጨመቀ ፋይል ወደ 24 ቢት ዌቭ ቀይሮ ‘አጠራሁት’ ማለት ነው። ሲጨመቅ የተጣለው ድምፅ አይመለስም፤ የሚያድገው ፋይሉ ብቻ ነው። ስለዚህ ሳውንድ ካርዳችሁን 24 ላይ አድርጉ፣ ቀረጻችሁንም በዚያው አስቀምጡ፤ ፋይሉ ከማደጉ በቀር ምንም አያስከፍላችሁም። በ16 ቢት የገዛችሁትን ሙዚቃ ግን ለመድረክ ብላችሁ በ24 ቢት ዳግም አትግዙ።