የመስታወቱ ውጭና ውስጥ፦ እሱ ገመድ አለው፣ አንቺስ?

ማዳም «ዛሬ ዲሪሻውን ከውጭም በኩል አጽጂው» ስትልሽ መስኮቱ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? ሦስተኛ ይሆናል፣ ሰባተኛ ይሆናል፣ አሥራ ሁለተኛም ይሆናል። አንድ እግርሽ ወለሉ ላይ፣ ሌላው የመስኮቱ ደፍ ላይ፤ አንድ እጅሽ ፍሬሙን ጨብጦ፣ ሌላው ጨርቅ ይዞ። ይህን አቋቋም ለአንቺ ማብራራት አያስፈልገኝም።

በዚያው ሕንፃ ላይ፣ አንዳንዴም በዚያው ሳምንት፣ በመስታወቱ ሌላ ወገን አንድ ሰው ይመጣል። ኔፓላዊ ወይም ባንግላዴሻዊ ሊሆን ይችላል። ሄልሜት አድርጓል፤ ወገቡና ጭኑ ላይ የሚታሰር ሴፍቲ ቤልት ለብሷል፤ ቤልቱ በገመድ ከጣሪያው ብረት ጋር ተያይዟል። እሱ የሚጠርገውና አንቺ የምትጠርጊው መስታወት አንድ ነው። ከታች ያለው አስፋልትም አንድ ነው። ልዩነቱ፣ እሱን የላከው ኩባንያ ያለ ገመድ ቢያወጣው የሚጠይቀው ተቆጣጣሪ መኖሩ ነው።

የግንባታ ሠራተኛው ተመችቶት ይኖራል እያልኩሽ አይደለም። ገመድ ሳይሰጡት የሚያወጡት፣ ደመወዙን ለወራት የሚይዙበት አሠሪ ሞልቷል። ነገር ግን ከፍታ ላይ መሥራት በእሱ ዘርፍ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፤ ሥልጠና አለው፣ ሰርተፊኬት አለው፣ ገበያም አለው። ዱባይ ላይ በየዓመቱ የሚካሄደውን «ቢግ ፋይቭ» የተባለውን የግንባታ ዐውደ ርዕይ ብትገቢበት ኮንትራክተሮችና ነጋዴዎች ስለ ሲሚንቶና ብረት ብቻ ሳይሆን ስለ ሥራ ቦታ ደኅንነትም ሲነጋገሩ ታገኛለሽ። በአሜሪካ የግንባታ ደንብ ሠራተኛው 1.8 ሜትር ከፍታ ላይ ከደረሰ ጀምሮ አሠሪው ከመውደቅ የሚጠብቀውን ነገር ማዘጋጀት አለበት። 1.8 ሜትር ማለት የአንድ ረጅም ሰው ቁመት ነው። ሰባተኛ ፎቅ ግን 20 ሜትር ገደማ ነው።

ታዲያ እሱ ይህን ከየት አገኘው? ማንም ዝም ብሎ አልሰጠውም። የኳታርን ነገር እንይ። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የ2022ን የዓለም ዋንጫ እንድታዘጋጅ ስትመረጥ፣ ስታዲየሙን የሚሠሩት ስደተኞች ሁኔታ የዓለም ጋዜጦች ወሬ ሆነ። በ2014 የሠራተኛ ተወካዮች ጄኔቫ ላይ ለዓለም የሥራ ድርጅት፣ ለአይ ኤል ኦ፣ በኳታር ላይ አቤቱታ አቀረቡ። በ2016 ደግሞ «ቢ ደብልዩ አይ» በሚል ምህጻር የሚታወቀው የግንባታና የእንጨት ሥራ ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ማኅበር የዓለም ዋንጫውን ግንባታ ከሚመራው የኳታር ኮሚቴ ጋር ተፈራረመ። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ሰዎች ከኮሚቴው ሰዎች ጋር ሆነው ግንባታው ድረስ፣ ሠራተኞቹ የሚያድሩበት ድረስ እየገቡ መመርመር ጀመሩ። ልብ በይ፦ ስደተኛ ሠራተኛ የራሱን ማኅበር ማቋቋም በማይፈቀድበት አገር ነው ይህ የሆነው። በ2018 አይ ኤል ኦ ዶሃ ላይ ቢሮ ከፈተ።

«እኔ ሲሚንቶ አላቦካ፣ ምን አገባኝ?» ትይ ይሆናል። ያገባሻል። ከዚያ ሁሉ ጫና በኋላ በ2020 የወጣው የኳታር ሕግ ቁጥር 17 ዝቅተኛ ደመወዝ ሲወስን የቤት ሠራተኛን አልለየም። ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 1,000 ሪያል ነው፤ አሠሪው ምግብና መኝታ ካላቀረበ በዚያ ላይ 300 እና 500 ይጨምራል። ያለ አሠሪው የፈቃድ ወረቀት ሥራ መቀየር የተፈቀደውም ለሁለታችሁም ነው። ከስታዲየሙ የተነሣው ጥያቄ እስከ ማድ ቤት ደርሷል ማለት ነው።

ሁሉም ግን የቤቱን በር አልፎ አልገባም። የቀትር እረፍቱን ተመልከቺ። በበጋ እኩለ ቀን ላይ ግንባታው ጸጥ ሲል ታይዋለሽ። ኩዌት ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ከጠዋቱ 11 እስከ ከሰዓት 4 (በእነሱ አቆጣጠር) ፀሐይ ላይ ማሠራትን ትከለክላለች። ኤሚሬትስ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15 ከ12:30 እስከ 3 ሰዓት፣ ሳዑዲም በእነዚያው ቀናት ከ12 እስከ 3። ኳታር በ2021 ባወጣችው ውሳኔ ከሰኔ 1 እስከ መስከረም 15 ከጠዋቱ 10 እስከ 3:30 አድርጋዋለች፤ ሙቀቱን፣ እርጥበቱንና ፀሐዩን አንድ ላይ የሚለካው መሣሪያ ከ32.1 ዲግሪ በላይ ካሳየ ደግሞ በየትኛውም ሰዓት ሥራ እንዲቆም ያዛል። ወሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

በዚያ ሰዓት አንቺ ሐውሽ ላይ መኪና እያጠብሽ፣ ጣሪያ ላይ ምንጣፍ እየመታሽ ይሆናል። ክልከላው የሚመነጨው «ቃኑን አል-ዐመል» ከሚባለው የሥራ ሕግ ነው። የኩዌት፣ የኳታርና የኤሚሬትስ የሥራ ሕጎች ደግሞ የቤት ሠራተኛን በግልጽ ያወጣሉ። አረብኛ ያጠናሁ ሰው ስለሆንኩ ቃላቱ ላይ ዓይኔ ይቆማል። የግንባታው ሰው በሕጉ «ዓሚል»፣ ማለትም ሠራተኛ ነው። አንቺን የኩዌቱ ሕግ «ዑማላ መንዚሊያ» ይልሻል፤ የኳታሩ በቤት ውስጥ ከተቀጠሩት «ሙስተኽደሚን» ይቆጥርሻል፤ የኤሚሬትሱ «የረዳት አገልግሎት ሠራተኛ» ይልሻል። ቤት ውስጥ የምትጠሪበትን፣ «ኸዳማ» ወይም «ሸጋላ» የሚለውን፣ ራስሽ ታውቂዋለሽ። ስም ሲለይ መዝገቡም ይለያል፤ መዝገቡ ሲለይ የሚመጣው ተቆጣጣሪም ይለያል። የቤት በር የሚያንኳኳ የሥራ ተቆጣጣሪ ደግሞ ብዙም አይገጥምሽም።

ቢሆንም ባዶ እጅሽን አይደለሽም። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ ኤጀንሲውም አይነግርሽም። የኩዌት ሕግ ቁጥር 68፣ የ2015ቱ፣ አሠሪው የቤት ሠራተኛን ጤናዋን በሚጎዳ አደገኛ ሥራ ወይም ክብሯን በሚነካ ሥራ ላይ እንዳያሰማራ ይከለክላል። የኳታር ሕግ ቁጥር 15፣ የ2017ቱ፣ አሠሪው ሕይወቷንና ጤናዋን አደጋ ላይ እንዳይጥል ያዛል፤ ሥራ ላይ ጉዳት ከደረሰባትም በሥራ ሕጉ መሠረት እንዲክሳት ያስገድዳል። የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብም አደገኛ ሥራን ይከለክላል። በ2022 ደግሞ የአይ ኤል ኦ ጉባኤ ደኅንነቱ የተጠበቀ የሥራ ቦታን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎታል፤ ይህ የድርጅቱን አባል አገሮች ሁሉ ይመለከታል። ጉድለቱ ሌላ ነው፦ «መስኮት» የሚለው ቃል በእነዚህ ሕጎች ውስጥ የለም። «አደገኛ» ሲባል ማዳም ስለ መስኮቱ ላታስብ ትችላለች። ለእሷ መስኮት መጥረግ አቧራ ማራገፍ ነው።

ቃሉን ያስጻፉ ግን አሉ፤ የቤት ሠራተኞች ናቸው። ሲንጋፖር እንደምታውቂው አብዛኛው ሰው ፎቅ ላይ የሚኖርባት አገር ናት። በ2012 የቤት ሠራተኞች ከመስኮት እየወደቁ መሞታቸው ሲደጋገም የኢንዶኔዥያ ኤምባሲ ጉዳዩን አነሣ፤ የሲንጋፖር የሥራ ሚኒስቴርም በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ደንብ አወጣ። የመስኮት የውጭ ገጽ የሚጠረገው መስኮቱ የብረት ፍርግርግ ካለውና ፍርግርጉ ከተቆለፈ፣ እንዲሁም አሠሪዋ ወይም ሌላ አዋቂ ሰው አጠገቧ ቆሞ ካየ ብቻ ነው። ምድር ቤት ከሆነ ወይም መስኮቱ ወደ ኮሪደር የሚከፈት ከሆነ ይህ አይመለከተውም።

ሆንግ ኮንግም በ2016 ተመሳሳይ አደጋ ደረሰባት። ሠራተኞቹ ሰልፍ ወጡ። እዚያ የቤት ሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ስለምትችል የሚሰለፍ ድርጅት ነበራቸው። የፊሊፒንስ ቆንስላ ከዜጎቹ ኮንትራት ላይ የመስኮት ጽዳት እንዲወጣ ጠየቀ። መንግሥቱ በመጀመሪያ አሠሪዎች ቅር አላቸው፣ ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻ ከጥር 1 ቀን 2017 ጀምሮ በመደበኛው ኮንትራት ውስጥ አንድ አንቀጽ ገባ። ፍርግርጉ ተቆልፎ ካልሆነ አይጠረግም፤ ከክንዷ በቀር ሌላ የሰውነቷ ክፍል ከመስኮቱ ደፍ ማለፍ የለበትም። «ከክንዷ በቀር» የምትለውን አስተውያት። ሕግ እንዲህ ወርዶ ሲጽፍ ነው ለሰው የሚገባው።

የእኛ ኮንትራትስ? የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923፣ የ2008ቱ (በፈረንጅ 2016)፣ ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር መሆኑን ደንግጓል። ስምምነት ካለ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛ ካለ አንድ መስመር ማስጨመር ይቻላል። እኔ ብጠየቅ ከደመወዙ ቀጥሎ የማስጽፈው ይህን የመስኮት ነገር ነው። ገንዘብ አያስወጣም፣ ማንንም ቤተሰብ አይጎዳም፤ ለማዳሟም ቢሆን ፖሊስ ቤቷ እንዳይመጣ ያደርጋል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ለጉዳይ ስትሄጂ፣ የኮሙኒቲ ስብሰባ ላይም ስትገኚ፣ «ኮንትራታችን ላይ የመስኮት ጽዳት ይጻፍልን» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። አንድ ሰው ሲጠይቅ ቅሬታ ይባላል፤ አርባ ሰው ከጠየቀ አጀንዳ ይሆናል።

እስከዚያው ነገ ጠዋት አለ። ማዳም መስኮቱን ስትጠቁምሽ «አልሠራም» ብለሽ አትጀምሪ። አረብኛው «ላ» ብሎ ሲጀምር ጆሮ ይዘጋል፤ ከሚሆነው ነገር ጀምሪ። «አነዚፍ ሚን ዳኺል፣ ማዳም» ማለት «ከውስጥ አጸዳዋለሁ» ነው። ቀጥለሽ «ሚን ባራ ኸጢር፣ ማ አግደር» በይ፤ «ከውጭ አደገኛ ነው፣ አልችልም» ማለት ነው። ከዚያ መፍትሔውን ስጫት፦ «ፊ ዐሷ ጠዊላ?»፣ «ረጅም እንጨት አለ?» ረጅም እጀታ ያለው የመስታወት መጥረጊያ ሱፐርማርኬት ይገኛል፣ ዋጋውም ውድ አይደለም። ውጭውን የሚጠርግ ኩባንያም አለ፤ ባለገመዱ ሰውዬ ለዚህ ነው የሚመጣው። ብዙ ማዳሞች በዚህ ይረካሉ። ባባ የዋህ ከሆነ ለእሱም ንገሪው፤ ጎረቤት ቢያይ የሚያፍረው እሱ ነው።

እንቢ ካሉሽና ካስገደዱሽ ደፉ ላይ አትውጪ፤ ከዚያ የሚከተለው ጭቅጭቅ ከመውደቅ ይሻላል። ተናድደሽ ግን ቤቱን ጥለሽ አትውጪ፤ «ሁሩብ» ተብለሽ ልትመዘገቢ ትችያለሽ። የግድ መውጣት ካለብሽ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲ ይሁን። ቤቱንና ቤተሰቡን ቀርጸሽ ቲክቶክ ላይ መለጠፍም ተዪ፤ በብዙዎቹ የባሕረ ሰላጤ አገሮች የሰውን ቤት መቅረጽ በራስሽ ላይ ክስ ያመጣል። ይልቅ ለምታምኛት ጓደኛሽ በድምፅ ላኪላት፦ ቀኑን፣ ፎቁን፣ ምን እንዳዘዙሽ፣ ምን ብለሽ እንደመለስሽ።

አደጋ ከደረሰ ደግሞ የመጀመሪያው ቃል ብዙ ይወስናል። ከሕንፃ ላይ የወደቀ የግንባታ ሠራተኛ ወረቀቱ ላይ «ኢሷበት ዐመል»፣ የሥራ ላይ ጉዳት፣ ተብሎ ይጻፍለታል። ከመስኮት የወደቀች የቤት ሠራተኛ ግን «ልትጠፋ ስትል ነው» ወይም «ራሷን ልታጠፋ ነው» ተብሎ ሊወራባት ይችላል፤ ያኔ ካሣ ቀርቶ ጥፋተኛዋ እሷ ትሆናለች። መናገር የቻልሽ እንደሆነ ለሐኪሙም ለፖሊሱም ይህን ደጋግመሽ በይ፦ «ጢሕት ወአና አሽተግል»፣ «እየሠራሁ ሳለ ወደቅሁ»። ምን ስትሠሪ እንደነበር፣ ማን እንዳዘዘሽ ጨምሪበት። አረብኛሽ ካልበቃ አስተርጓሚ ጠይቂ፦ «አብጋ ሙተርጂም»። ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። ጓደኛሽ ወድቃ ያገኘሻት አንቺ ከሆንሽ አታንቀሳቅሻት፤ አምቡላንስ ጥሪ፦ ኩዌት 112፣ ኳታርና ባሕሬን 999፣ ኤሚሬትስ 998፣ ሳዑዲ 997፣ ኦማን 9999። ስልኩን የሚያነሣው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅሽ የት እንዳለሽ ነው፤ ስለዚህ የሰፈሩን ስም፣ የሕንፃውን ቁጥርና ፎቁን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ ጽፈሽ አስቀምጪ።