ልጁ አልከሳም፣ ማደጉን ግን አቁሟል

በጉርምስና ዕድሜ ያለ ልጅ ክብደቱ ባይቀንስም፣ መጨመር ሲገባው ካልጨመረ ተጎድቷል። የአመጋገብ መታወክ በዚህ ዕድሜ ሲጀምር ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ የሚቆየው ለዚህ ነው፤ ቤተሰብ የሚጠብቀው መክሳትን ነውና።

ከአመጋገብ መታወክ ሕመሞች በስፋት የተጠናው፣ ታማሚው ከምግብ የሚሸሽበት አኖሬክሲያ ነርቮዛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1873 ሻርል ላሴግ በፓሪስ፣ ዊሊያም ጋል በለንደን ሕመሙን ለሙያ አጋሮቻቸው ገለጹ፤ ስሙን ያወጣለት ጋል ነው። ሌላውን የአመጋገብ መታወክ፣ ቡሊሚያን፣ ጄራልድ ራስል በ1979 ለይቶ ጻፈው። በ2013 የወጣው የአሜሪካ ሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ደግሞ የወር አበባ መቋረጥን ከአኖሬክሲያ መለያዎች አስወጣ። ተገቢ እርምጃ ነበር፤ የቀድሞው መስፈርት ወንዶችንና የወር አበባ ገና ያላዩ ልጃገረዶችን ይዘነጋ ነበር።

ምግብ ሲያንስ የዕድገት ሆርሞን ይቀንሳል ብለን እንገምት ይሆናል። የሚሆነው ተቃራኒው ነው፤ ሆርሞኑ በደም ውስጥ ይበዛል፣ ጉበት ግን አይታዘዝለትም። በዚህም አጥንትን የሚያስረዝመው ሆርሞን፣ አይጂኤፍ-1፣ ያሽቆለቁላል። አንጎል ለመራቢያ አካላት የሚልከው መልእክትም ይዳከማል፤ ኢስትሮጅንና ቴስቶስትሮን ይወርዳሉ፤ ጉርምስናው ይዘገያል ወይም መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። የጭንቀት ሆርሞን የሆነው ኮርቲሶል ግን ይጨምራል፤ እሱም አጥንትን ያሳሳል።

ጉዳቱ ሕመሙ በመጣበት ዕድሜ ይወሰናል። ሴቶች በፍጥነት የሚመዘዙት 12 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ የወር አበባ ካዩ በኋላ የሚጨምሩት ቁመት ጥቂት ነው። ስለዚህ በ16 ዓመቷ የታመመች ልጅ ቁመቷ ብዙም ላይነካ ይችላል። ወንዶች የሚመዘዙት 14 ዓመት አካባቢ ነው፤ ማደጋቸውም ረዘም ላለ ጊዜ ይቀጥላል፤ በመሆኑም ቁመታቸው ይበልጥ ለጉዳት የተጋለጠ ነው። የሚያሳዝነው፣ በወንድ ልጅ ላይ ይህን ሕመም የሚጠረጥር ሰው ጥቂት መሆኑ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። የአጥንትን ማደጊያ ጫፎች የሚዘጋው፣ በወንዶችም ጭምር፣ ኢስትሮጅን ነው፤ ሲያንስ ጫፎቹ ክፍት ሆነው ይቆያሉ። ልጁ በጊዜ መብላት ከጀመረ ቁመቱ ሊቀጥል ይችላል፤ ያመለጠው ሁሉ ግን ሁልጊዜ አይመለስም። የአጥንት ጥንካሬ ጉዳይ ይበልጥ ያሳስበኛል። የአዋቂ ሰው የአጥንት ክምችት አብዛኛው የሚጠራቀመው እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ነው፤ በእነዚህ ዓመታት የተፈጠረው ጉድለት ኋላ ለስብራት ያጋልጣል። የወር አበባ ለቀረባት ልጅ የሚሰጥ የወሊድ መከላከያ እንክብል ደም እንዲታይ ሊያደርግ ይችላል፤ አጥንቱን ግን አይመልስም። መድኃኒቱ የክብደት መመለስ ነው።

ለዚህም በ1980ዎቹ በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል የዳበረው ሕክምና ወላጆች ራሳቸው የልጃቸውን ማዕድ እንዲመሩ ያደርጋል። በጣም የተጎዳ ልጅ ግን በሐኪም ክትትል መመገብ አለበት፤ ከረጅም ረሃብ በኋላ በድንገት ብዙ ሲበላ በደሙ ያለው ፎስፌት ወርዶ ልቡን ሊጎዳው ይችላል።

በአገራችን የዕድገት ክትትል የሚያተኩረው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ነው። ጾም በሚከበርበት ቤት ደግሞ ምግብ የምትሸሽ ልጅ ጠንቃቃ ጿሚ ልትመስል ትችላለች። ቁመቷና ክብደቷ በየስድስት ወሩ ተለክቶ ቢመዘገብ ሐኪሙ ከራሷ ያለፈ ዕድገት ጋር ማነጻጸር ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚቆመው ክብደት ነው፣ ቁመት የሚከተለው ቆይቶ ነው።